ታብሌቶቻችን ወዴት አሉ?
በካርታ ላይ የሚታየውን ነጥብ በትክክል ስለ ማንበብ



ስለ እርዳታው ሥራ በየአጥቢያው ሪፖርት በምናቀርብበት ጊዜ ከሽማግሌዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «እኛ በሰጠነው መባ የተገዙት ታብሌቶች አሁን ወዴት ናቸው? ታውቃላችሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታብሌት ዛሬ በእርዳታ ሥራ የመዝገብን ቦታ ይዞአል። የቤተሰቡ ስም፣ የሕፃኑ ክብደት፣ የተሰጠው እህልና ዘር ልክ የሚጻፈው በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ታብሌት ሲጠፋ ከንብረቱ ጋር የሰው ምስጢር አብሮ ይጠፋል።

ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ «አዎን፣ እናውቃለን» የሚል ነው፤ ነገር ግን በምን ልክ እንደምናውቅ ማስረዳት ይገባናል። ታብሌቶቹ ሁሉ በአንድ የማስተዳደሪያ ፕሮግራም ሥር ስለሆኑ በዋናው ቢሮ ያለው ኃላፊ ኮምፒውተሩን ሲከፍት እያንዳንዳቸው በካርታ ላይ እንደ ነጥብ ሆነው ይታዩታል። ይህ ነጥብ ግን ግምት ነው። ግምቱ አንዳንድ ጊዜ በአምስት ሜትር ውስጥ ልክ ሲሆን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በብዙ ኪሎ ሜትር ይስታል። ይህን ባለማወቅ የሚደርሰውን ጉዳት ለማሳየት ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ዘጠኝ ቀን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ፕሮጀክት በንብረት ቆጠራ ጊዜ አንድ ታብሌት ጎደለ። በመዝገቡ ላይ በመጨረሻ ፈርማ የወሰደችው ከመዝጋቢዎቻችን አንዲት እኅት ነበረች። እርስዋም «መልሻለሁ» አለች፤ የመመለሻው ፊርማ ግን አልተገኘም። እኔም ካርታውን ከፍቼ ባየሁ ጊዜ ነጥቡ ያረፈው ከገበያው በስተጀርባ፣ እርስዋ ቤት በተከራየችበት ሰፈር ነበር። ከነጥቡ አጠገብ የተጻፈው ሰዓት 11:40 ይላል። «ቢሮ የሚዘጋው በ11 ሰዓት ተኩል ነው፤ እንግዲያው ታብሌቱ ከሥራ በኋላ ከእርስዋ ጋር ወጥቶአል» ብዬ ደመደምሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበትም ጠርተን ጠየቅናት። «ወንድሜ፣ እናንተ ካርታውን አምናችኋል፤ እኔ ምን ልበል?» አለችና ዝም አለች።

በዘጠነኛው ቀን ታብሌቱ በዚያው በቢሮአችን፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአሮጌ የእርዳታ ካርዶች ሥር ባትሪው አልቆ ተገኘ። ሌላ ባልደረባ ለጥንቃቄ ብሎ ቆልፎበት ለመስክ ሥራ ሄዶ ኖሮአል። ከዚያ በኋላ ካርታውን ደግመን ስንመረምር ቀድሞ ያላነበብናቸውን ሁለት ነገሮች አገኘን። አንደኛ፣ ከነጥቡ ሥር በትንንሽ ፊደል «1,600 ሜትር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይህም ማለት ታብሌቱ ከነጥቡ ዙሪያ በ1,600 ሜትር ክልል ውስጥ በማናቸውም ሥፍራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ቢሮአችንም በዚያው ክልል ውስጥ ነበረ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ የተጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለነበረ 11:40 የተባለው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ነበር። በዚያ ሰዓት ደግሞ እኅታችን ከእኔው ጋር በስብሰባ ላይ ተቀምጣ ነበር።

በዚያው ሽማግሌዎች ፊት ይቅርታ ጠየቅናት፤ እርስዋም ይቅር አለችን። ነገር ግን ያን ዘጠኝ ቀን መልሰን ልንሰጣት አልቻልንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ፕሮጀክት ያለ ባልደረባ በዚህ መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ታብሌቱ ያለበትን ሥፍራ የሚያውቀው እንዴት ነው?

ታብሌት መገኛውን የሚያውቅባቸው አራት መንገዶች አሉ። በትክክለኛነታቸው እጅግ ይለያያሉ፤ በካርታው ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ሆነው ይታያሉ።

የመጀመሪያውና የሚሻለው በሳተላይት ነው። የአሜሪካ ጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ይዞ «እኔ በዚህ ሥፍራ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል ምልክት ሳያቋርጥ ይልካል። ምልክቱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ታብሌቱ ምልክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ለክቶ ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያሰላል። ከሦስት ሳተላይቶች ያለው ርቀት ሥፍራውን ይወስናል፤ አራተኛው የታብሌቱን ርካሽ ሰዓት ለማረም ያስፈልጋል። ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታልና።

ይህ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ ይበረዝ ስለነበረ እስከ 100 ሜትር ያህል ይሳሳት ነበር። ያ ከተነሣ ወዲህ፣ የሩሲያ፣ የአውሮፓና የቻይና ሳተላይቶችም ከተጨመሩ ወዲህ፣ ጥሩ መቀበያ ያለው ታብሌት በገላጣ ሥፍራ በ5 ሜትር ገደማ ልክ ነው። ሆኖም ምልክቱ ምድር ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። የቆርቆሮ ጣራና የብረት ሣጥን ይጋርዱታል፤ ፎቅና ገደል ደግሞ እያንጸባረቁ ያሳስቱታል። ስለዚህ ታብሌቱ በመጋዘን ውስጥ እያለ ከሳተላይት ብዙ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ በዋይፋይ ነው። ታብሌቱ ከዋይፋይ ጋር ባይገናኝም እንኳ በአካባቢው ያሉትን የራውተሮች መለያ ይሰማል። እንደ ጉግልና አፕል ያሉ ኩባንያዎች የትኛው ራውተር በየት እንደሚገኝ የተመዘገበበት ትልቅ መዝገብ አላቸው፤ ታብሌቱም ከዚያ መዝገብ መገኛውን ይጠይቃል። ብዙ ራውተር ባለበት ከተማ በጥቂት አሥር ሜትሮች ልክ ይሆናል፤ በገጠር ግን የሚሰማው ራውተር ስለሌለ አይረዳም። ደግሞም አንድ ወጥመድ አለው። በአዲስ አበባ ቢሮ ይሠራ የነበረው ራውተር ወደ አርባ ምንጭ ቢወሰድ መዝገቡ እስኪታረም ድረስ በአጠገቡ ያሉት ታብሌቶች «አዲስ አበባ ነን» ሊሉ ይችላሉ። ታብሌቶቹ በአንድ ሌሊት 400 ኪሎ ሜትር የዘለሉ ቢመስላችሁ አስቀድማችሁ ስለ ራውተሩ ጠይቁ።

ሦስተኛው መንገድ በሞባይል አንቴና ነው። ሲም ካርድ ያለው ታብሌት በየትኛው አንቴና ሥር እንዳለ ያውቃል። ይህ በከተማ በመቶዎች ሜትር፣ አንቴናው በተራራቀበት ገጠር ደግሞ በብዙ ኪሎ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። የእኛ 1,600 ሜትር የመጣው ከዚህ ነበር። አራተኛውና ደካማው መንገድ በኢንተርኔት አድራሻ መገመት ነው። ይህ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርኔቱ መሥመር የሚያልፍበትን ከተማ ስለሆነ በጂንካ ያለ ታብሌት አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ይችላል። በዚህ መንገድ የመጣ ነጥብ ለማንኛውም ፍለጋ አይጠቅምም።

ነጥቡን ከማመን በፊት

እንግዲህ ካርታውን የሚከፍት ሁሉ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ያንብብ።

የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። በነጥቡ ዙሪያ የሚታየው ክብ፣ ወይም ከሥሩ በሜትር የተጻፈው ቁጥር፣ ግምቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ይናገራል። የ10 ሜትር ክብ አንድ ቤት ነው። የ1,600 ሜትር ክብ ግን ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ነው፤ አንድ ትንሽ ከተማ በሙሉ ይገባበታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ድሪም የጠፋባት ሴት መብራት አብርታ የራስዋን ቤት ጠረገች እንጂ የጎረቤቶችዋን ቤት ሁሉ አልበረበረችም። በየትኛው ቤት እንደጠፋባት ታውቅ ነበርና። እኛ ግን የትኛው ቤት እንደሆነ ሳናውቅ በሰው ደጅ ቆምን።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ነጥቡ የሚያሳየው ታብሌቱ በመጨረሻ ሪፖርት ያደረገበትን ሥፍራ ነው። ባትሪው ካለቀ ወይም ኔትዎርክ ካጣ ነጥቡ በዚያው ደርቆ ይቀራል። ደግሞም ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ዩ.ቲ.ሲ. በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የአገራችን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከዩ.ቲ.ሲ. 3 ሰዓት ይቀድማል፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ ቀላሉ ዘዴ ከተጻፈው የዩ.ቲ.ሲ. ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ነው፤ 06:00 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 11:40 ከቀኑ 8 ከ40 ነው። ፕሮግራሙ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት እንዲያሳይ ከተስተካከለ ግን የሚቀነሰው 6 ነው። የትኛውን እንደሚያሳይ ዛሬውኑ አረጋግጡና በወረቀት ጽፋችሁ በኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፉት።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ግምቱ ከሳተላይት፣ ከኔትዎርክ ወይም ከኢንተርኔት አድራሻ እንደመጣ ይናገራሉ። ይህን የማይናገር ፕሮግራም ቢሆን ከስፋቱ መገመት ይቻላል።

ትክክለኛ መገኛ ለማግኘት ምን እናድርግ?

1. በግዥ ጊዜ እንጠንቀቅ። የሳተላይት መቀበያ የሌለው ታብሌት በምንም ማስተካከያ ጂ.ፒ.ኤስ. ሊኖረው አይችልም። ለምሳሌ በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩት አይፓዶች መቀበያው የላቸውም፤ ሲም ካርድ የሚቀበሉት ግን አላቸው። በዋጋ ጥቂት ስለሚረክስ ብቻ የመጀመሪያውን ገዝተን ለገጠር ሥራ ብንልከው በኋላ የሚወቀሰው ታብሌቱ አይደለም።

2. ሎኬሽን ሁልጊዜ የበራ ይሁን። ከመጀመሪያው በድርጅቱ ሙሉ አስተዳደር ሥር በገቡ የአንድሮይድ ታብሌቶች ላይ ይህን ከቢሮ ሆኖ ማብራትና እንዳይጠፋ መቆለፍ ይቻላል። በዚያው በሎኬሽን ማስተካከያ ሥር የሎኬሽንን ትክክለኛነት የሚያሻሽለው የጉግል አገልግሎት አብሮ ይብራ፤ ሳተላይት በማይገባበት ቤት ውስጥ የዋይፋዩንና የአንቴናውን ግምት የሚያመጣው እርሱ ነው።

3. የማስተዳደሪያው አፕሊኬሽን ፈቃዱን ያግኝ። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ፣ ይኸውም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ «ሁልጊዜ» እና «አፕሊኬሽኑ ሲከፈት ብቻ» የሚሉ ሁለት ፈቃዶች ተለይተዋል። ሁለተኛው ከተመረጠ ታብሌቱ በኪስ ሲገባ ሪፖርቱ ይቆማል። ከአንድሮይድ 12፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ «ትክክለኛ» እና «ግምታዊ» የሚሉ ተጨምረዋል። «ግምታዊ» የሚለው በሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ብቻ ስለሚናገር ለንብረት ጥበቃ አይሆንም። «ሁልጊዜ» እና «ትክክለኛ» ይመረጡ።

4. ባትሪ ቆጣቢው እንዳያስተኛው። አንድሮይድ ባትሪን ለመቆጠብ ከኋላ የሚሠሩ አፕሊኬሽኖችን ያስተኛል፤ ከአንድሮይድ 8 ወዲህም እነዚህ መገኛን የሚያገኙት በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የማስተዳደሪያው አፕሊኬሽን ከባትሪ ቁጠባው ነጻ ከሚሆኑት ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ሪፖርቱንም በየአምስት ደቂቃው እንዲሆን አትጠይቁ፤ መብራት በሌለበት መንደር ባትሪው ከቀትር በፊት ያልቃል፤ ባትሪው ያለቀ ታብሌት ደግሞ ምንም አይናገርም። ለዘወትሩ ሥራ በሰዓት አንድ ጊዜ ይበቃል።

5. አይፓድ ያላቸው ልዩነቱን ይወቁ። በአፕል ሥርዓት የማስተዳደሪያው ፕሮግራም መገኛውን በቀጥታ ሊጠይቅ የሚችለው ታብሌቱ በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር የተመዘገበ ሲሆንና «ጠፍቶአል» ተብሎ ሲቆለፍ ብቻ ነው። ይህ ምዝገባ ታብሌቱ ለሠራተኛ ከመታደሉ በፊት ይፈጸም።

6. በደጅ ጠብቁ። ሳተላይቶቹ ሁሉ የሚገኙበትን አጠቃላይ ዝርዝር ከሳተላይት ብቻ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ዳታ ባለበት ሥፍራ ይህ በኢንተርኔት ስለሚመጣ በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። ለብዙ ቀን ተዘግቶ የቆየ ታብሌት ኔትዎርክ በሌለበት ሲከፈት ግን ሰማይ በሚታይበት ሥፍራ አኑሮ መታገሥ ያስፈልጋል።

7. ፈትኑ። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ወጪም የለውም። ሦስት ታብሌቶች ይዛችሁ በካርታ ላይ በደንብ በሚታወቅ ሥፍራ፣ ለምሳሌ በቤተ ክርስቲያናችሁ በር ላይ ቁሙ። ለአምስት ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ ወደ ቢሮ ደውላችሁ ነጥቦቹ ወዴት እንደሚታዩ ጠይቁ። ከዚያም በቤት ውስጥ፣ ቀጥሎም በዕቃ ቤት ውስጥ ይህንኑ ድገሙ። ውጤቱን በንብረት መዝገቡ ላይ ጻፉት። ታብሌት በጠፋ ቀን ነጥቡን ምን ያህል እንደምታምኑ የሚነግራችሁ ይህ ገጽ ነው።

የውኃ ጉድጓድና የቤት መገኛ ለምትመዘግቡ

በታብሌት የምንጭንና የጉድጓድን መገኛ የምትመዘግቡ ባልደረቦችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አድርጉ። በቅጹ ላይ የሚታየው የስህተት ልክ ወደ 5 ሜትር እስኪወርድ ድረስ ቆማችሁ ጠብቁ። ቁጥሩን በእጅ ስትገለብጡ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች አትቁረጡ። የሰሜን አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አራት አኃዝ 11 ሜትር ያህል፣ ሁለት አኃዝ ብቻ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሰሜኑንና የምሥራቁን ቁጥር አታቀያይሩ። አዲስ አበባ በሰሜን 9.03፣ በምሥራቅ 38.75 ናት፤ ቁጥሮቹ ቢገላበጡ ነጥቡ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ደግሞም የቀድሞዎቹ የአገራችን ካርታዎች «አዲንዳን» በሚባል መነሻ የተሠሩ ስለሆነ ከታብሌቱ ቁጥር ጋር ከ100 ሜትር በላይ ይለያያሉ። የታብሌቱ ነጥብ በአሮጌው ካርታ ላይ ከወንዙ ማዶ ቢወድቅ ታብሌቱን ወዲያው አትክሰሱት።

ታብሌት በጠፋ ጊዜ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። አስቀድማችሁ ሰው ጠይቁ፤ ሣጥንና መሳቢያ፣ የመኪናውንም ኪስ ፈትሹ። ከቢሮ ሆናችሁ ድምፅ እንዲያሰማ እዘዙት። ወዲያው ቆልፉት፤ የተረጂዎች ስም በውስጡ ነውና። ከዚያ በኋላ ስፋቱን፣ ሰዓቱንና መንገዱን አንብባችሁ በወረቀት ጻፉ። በውስጡ ያለውን ሁሉ የሚደመስሰውን ትእዛዝ የምትሰጡት ወደ ሰርቨር ያልተላከ መረጃ መኖሩን ከጠየቃችሁ በኋላ ይሁን፤ ከተደመሰሰ በኋላ መገኛውንም ላይናገር ይችላልና። ነጥቡን ይዛችሁ በራሳችሁ ወደ ማንም ቤት አትሂዱ። ስርቆት ነው ብላችሁ ካመናችሁ ጉዳዩን ለፖሊስ አቅርቡ። በሠራተኛ ላይ ክስ ከመቅረቡ በፊት ደግሞ ይህን አስቡ፤ ነጥቡ አንድ ምስክር ነው፤ እርሱም ሩቅ ቆሞ ያየ ምስክር ነው። ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ።

የምንጠብቀው ማንን ነው?

ታብሌቱ የሚሄደው ከሰው ጋር ስለሆነ ታብሌቱን የሚያይ ሰውየውንም ያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ታብሌት ሲረከብ መገኛው እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይነገረው። ካርታውን የመክፈት ሥልጣን በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ለሁለት ሰዎች ብቻ ይሰጥ፤ የከፈቱበትንም ቀንና ምክንያት ይጻፉ። በእሑድና በዕረፍት ቀን ታብሌቱ በቢሮ ቢያድር ለሁሉም ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገራችን ሕግ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዘው ያዛል፤ እኛ ግን ሕግ ባይኖርም ይህን ለባልንጀራችን ልናደርግ የሚገባን ነበር።

ከዚህም በላይ ተፈናቃዮች በተጠለሉባቸው አካባቢዎች የታብሌቶቻችን መንገድ የተረጂዎችን መጠለያ ያሳያል። ይህ ካርታ ክፉ በሚያስብ ሰው እጅ ቢገባ የሚጎዱት ልንረዳቸው የሄድንላቸው ሰዎች ናቸው። ስለሆነም ካርታውን በፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም አትላኩ፤ በሪፖርትም ላይ አታትሙ።

ለምትደግፉን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ልመናችን ይህ ነው። «ታብሌቶቹ ወዴት ናቸው?» ብላችሁ መጠየቃችሁን አታቋርጡ፤ ከዚያም ጨምራችሁ «ይህን ያወቃችሁት እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። በዕቃ ላይ ታማኞች፣ በሰው ላይ ደግሞ ርኅሩኆች ሆነን እንድንገኝ በጸሎታችሁ አስቡን። ያች እኅታችን ዛሬም ከእኛ ጋር ታገለግላለች። በየወሩ መጀመሪያ ሦስት ታብሌቶች ይዛ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ የምትደውልልን እርስዋ ናት፤ እኔም በስልኩ ማዶ ሆኜ ስፋቱንና ሰዓቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ።